የሽማግሌዎቹ ጠርሙስ

አናጢ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከሠራኋቸው ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቆመዋል ከማለት ተደግፈዋል ማለት ይቀላል። ቤት ሁለንተናው በአንድ ቀን እንደማያረጅ ከጉልምስናዬ ጀምሮ አውቃለሁ። ቋሚው መሬት የገባበት ቦታ ላይ ይበሰብሳል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። ማገሩን ምስጥ ይበላዋል፤ የጣሪያው ወራጅ ጭስ ጠጥቶ ከብረት ይጠነክራል። ስለዚህ አሮጌ ቤት ጠግን ስባል መጀመሪያ በመዶሻ እያንኳኳሁ እዞረዋለሁ እንጂ አፍርሱት አልልም። ይህን ለእንጨት አውቄ ለገዛ አባቴ ሳላውቀው መቅረቴን ነው የምጽፈው። ያስተማሩኝም ጠላ ላይ የሚሰፍሩት ትንንሽ ዝንቦች ናቸው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ትልቋ ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለች ነው። አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር የሚኖሩ ንብ አርቢ ነበሩ። ወገናቸው ከአዊ ነው፤ ሰውን በአማርኛ፣ ንብን በአገውኛ ነበር የሚያነጋግሩት። «ንብ አማርኛ ብትሰማ ኖሮ ማሩን ለባለሥልጣን ታስረክበው ነበር» ይሉ ነበር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በአንድ መስከረም ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ላይ ወጥተው ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ጉልበታቸው ግን ወደ ድሮው አልተመለሰም። ሄጄ አመጣኋቸው። በረንዳዬ ላይ መደብ ሠራሁላቸው፣ አዲስ ጋቢ አለበስኳቸው፣ ከዚያ ፈረድኩባቸው፤ «ከእንግዲህ ቀፎ የለም። አርጅተዋል። ይረፉ።»

ይህን ስል ክፋት አልነበረኝም። ክፋት የሌለበት ጥፋት ግን ጥፋት መሆኑ አይቀርም፤ እንዲያውም ሰው ራሱን ስለማይጠራጠር ይብሳል።

እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቁኝ። «ለመስከረም ትወስደኛለህ?» መስከረም የንብ መንጋ ከእናቱ ቤት ተለይቶ አዲስ ቤት የሚፈልግበት ወር ነው። ቀፎው በደንብ ታጥኖ ካልጠበቀው አልፎት ይሄዳል። ገጠር የቀረው ታናሽ ወንድሜ ሰባት ቀፎ ሰቅሎ አንድም ንብ አልገባለትም ነበር። አባቴ ይህን ሲሰሙ ሦስት ቀን እህል በቅጡ አልበሉም። «አንድ መስከረም ያለፈው ቀፎ ባዶ ነው፤ ሁለት መስከረም ያለፈው ማገዶ ነው» አሉኝ።

«ዛፍ ላይ ሊወጡ ነው?» አልኳቸው።

«ማን ወጣ? ከዛፍ የወደቀው እግሬ ነው፤ አፍንጫዬ አልወደቀም!»

እኔ ቃሌን የማላጥፍ ሰው ነኝ። በዚያ ዘመን ይህን እንደ ትልቅ ምግባር እቆጥረው ነበር።

ስለ ራሴም ጥቂት ልናገር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ለሥራ በገባሁባቸው ቤቶች ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ወሬ የማውቀው እስከ ግማሹ ድረስ ነው፤ ቀሪው ቁም ሣጥን ጀርባ ቀርቷል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ቀበሌው አስተማሪ አድርጎ መደበኝ፤ ያን ጊዜ የገባብኝ ኩራት ከብዙ ዓመት በኋላም አልወጣልኝም። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ ተሳስተሃል የሚለው መምህር አልነበረውም።

በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ጠዋት መሥሪያዬ መስኮት ላይ ሦስት የማርማላታ ጠርሙሶች ተደርድረው አገኘሁ። አፋቸው በጥጥ ተወትፏል። በውስጣቸው ከሥር የተፈጨ ሙዝ ከጠላ እርሾ ጋር ተለውሶ ተቀምጧል። ከላዩ ደግሞ እነዚያ ዓይናቸው ቀይ፣ ከጤፍ ብዙም የማይተልቁ ዝንቦች ይርመሰመሳሉ። ልጄን ጠራኋት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዝንብ ነው አባዬ።»

«ዝንብ መሆኑንማ አያለሁ። እዚህ ምን ይሠራል?»

«ያረጃል።»

«ለማርጀትማ ውጭም ሰፊ ቦታ አለ!»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳችኝ። የባዮሎጂ መምህሯ ለሳይንስ ክበቡ ዐውደ ርእይ የሰጣት ሥራ ነው። ዝንቧ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ ዐሥር ቀን ገደማ ይበቃታል፤ ከዚያ ሁለት ወር ያህል ኖራ ትሞታለች። ሰው ሰባ ዓመት ቆሞ የማያየውን እርጅና ተማሪ በአንድ የትምህርት ወቅት ታየዋለች ማለት ነው። የመጀመሪያው ጠርሙስ የልጆች፣ ሁለተኛው የጎልማሶች፣ ሦስተኛው የሽማግሌዎች ነበር፤ እነሱን ከመጋቢት ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ነው ያሳደገቻቸው። በሳምንት ሁለት ቀን ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጋ ትመታዋለች፤ ዝንቦቹ ሥር ይወድቃሉ፤ እሷ እስከ ዐሥር ስትቆጥር ስንቱ በቀለም እስከ ተሠመረው መስመር እንደወጣ ትጽፋለች።

አሳየችኝ። ልጆቹ «አንድ» ከማለቷ ሽቅብ ተተኮሱ። ጎልማሶቹ ሥራ እንዳለበት ሰው ተረጋግተው ወጡ። ሽማግሌዎቹ ግን ጥቂት ወጥተው ቆሙ፤ አንዱ የወጣበትን የረሳ ይመስል ዞሮ ወረደ።

ሚስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «እኔ ከጠላዬ ላይ ሳባርር የኖርኩትን እናንተ እያበላችሁ ታሳድጋላችሁ?» አለች። ይሁን እንጂ እርሾውን የምትሰጣት እሷው ነበረች።

ልጄን የያዛት ጥያቄ ዝንብ ይሞታል ወይ የሚል አልነበረም። ሲያረጅ ሁለንተናው እኩል ያረጃል ወይ የሚል ነበር። ገላ ሁሉ ሕዋስ ከሚባሉ ለዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው አለችኝ። የጡንቻ ሕዋስ አለ፣ የስብ አለ፣ የዓይን አለ፣ የአንጎል አለ፤ ሥራቸው ለየቅል ነው፤ እርጅናቸውም ለየቅል ነው። የቆዳችን ሕዋስ እየረገፈ በሌላ ይተካል፤ የአንጎላችን ግን አብዛኛው ከልጅነት ጀምሮ ያው ነው፤ በዝንብ ገላ ደግሞ ምንም አይተካም ይላል መጽሐፋችን አለች። ትምህርት ቤቱ ባለው አንድ ማጉያ መሣሪያ የዝንቧን ጡንቻ ለማየት ተሰልፈው ነበር፤ እሷ ስትደርስ የታያት ግን የራሷ ሽፋሽፍት ነው።

«ሰው ካረጀ አረጀ ነው» አልኳት። «ይህን ለማወቅ ዝንብ አያስፈልግም።»

በረንዳው ላይ አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጆሯቸው ይደክም ነበር፤ መስማት የማይገባቸውን ግን ይሰሙ ነበር።

የግንቦት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለዐውደ ርእዩ የሚሆን ረጅም ጠረጴዛ አዞኝ፣ ሳንቃ ለማጣበቅ ኮላ የምበጠብጥበት ዕቃ አጣሁ። ዓይኔ መስኮቱ ላይ አረፈ። የሽማግሌዎቹ ጠርሙስ ውስጥ ሁሉም ሥር ተኝተዋል። በጣቴ አንኳኳሁ፤ አንድም ሽቅብ የወጣ የለም። «አልቀዋል» ብዬ በረንዳ ወጣሁና ጥጡን ነቅዬ ጠርሙሱን ወለሉ ላይ ደፋሁት። ከዚያ ጠርሙሱን አጥቤ አደረቅሁና ኮላዬን ጨመርኩበት።

ልጄ ከጓደኛዋ ቤት ስትመለስ ጠርሙሱን በእጄ አየችው። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሷ ሰምቼ አላውቅም።

«አባዬ! ምን አደረጓቸው?»

«ሞተው ነበር።»

«አልሞቱም! መውጣት ብቻ ነው ያቃታቸው! ይበላሉ እኮ፣ ያሸታሉ እኮ! ሁለት ወር ሙሉ...» እንባዋ ቀደማት። ያለ እነሱ ዐውደ ርእዩ ላይ የምታሳየው ግማሽ ነገር ነበር።

ብሩሼን እንደያዝኩ ቆምኩ። ያን ጊዜ አባቴ ከመደባቸው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«አንቺ ልጅ፣ እዚያው ቁሚ! እንዳትረግጫቸው። እንግዶች መጥተውብኛል።»

ጠጋ ብለን አየን። አባቴ የጠላ ጣሳቸውን እንደ ልማዳቸው ከእግራቸው ሥር አስቀምጠዋል። ከደፋሁበት ቦታ እስከ ጣሳው ድረስ፣ በወለሉ ሳንቃ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ ዝንቦች በእግራቸው ይጓዙ ነበር። አንዱ ሁለት ስንዝር ሄዶ ያርፋል፤ ሌላው ይደርስበታል። የሚበር የለም። መንገድ የሳተም የለም። ቀድሞ የደረሰው ጣሳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያሻሻል።

«አየህ አንተ አናጢ?» አሉ አባቴ። «የጣልካቸው ሽማግሌዎች ሁሉ እኔ ዘንድ መጡ። ቤትህ ለእኛ እንደማይሆን ተነጋግረዋል መሰለኝ!»

ልጄ በእንባዋ መካከል ሳቀች። ሚስቴ በሩን ተደግፋ እስኪያማት ሳቀች። እኔ ለመሳቅ ጊዜ የምወስድ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ኮላው እጄ ላይ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሁላችንም ተንበርክከን፣ እኔም ጭምር፣ በወረቀት ቁራጭ እያፈስን ወደ አዲስ ጠርሙስ መለስናቸው። ከሃያ ስድስቱ ሃያ አንዱን አገኘን። ሁለቱን ከጣሳው ውስጥ ያወጧቸው አባቴ ናቸው፤ «እነዚህ ጠጥተዋል፤ ለብቻ መዝግቢያቸው» አሏት።

«ማሽተታቸውም እኮ ይደክማል፣ አባባ» አለቻቸው ልጄ በጆሯቸው። «ግን እኔ እንዳየሁት ከእግራቸው በኋላ ነው።»

«የእኔም እንደዚያው ነው። ለአባትሽ ንገሪው።»

ሰምቼ ነበር። ሆኖም አንዴ የፈረደ ሰው በአንድ ቀን አይመለስም። በማግስቱ አባቴ በትራቸውን ይዘው መሥሪያዬ ገቡና ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። «አፍንጫዬን ፈትነው» አሉኝ። የመላጊያ ፍቅፋቂ እያነሣሁ ከአፍንጫቸው ሥር አደረግሁ። «ዝግባ። ወይራ። ይህ ጽድ ነው፤ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል፤ አታላግጥብኝ።» ለትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ የመረጥኩት የዋንዛ ሳንቃ ላይ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱት።

«ዋንዛ ነው። ግን ልቡ አልደረቀም። ይሰነጠቅብሃል።»

«ስድስት ወር ጥላ ውስጥ ከርሟል፣ አባባ።»

«ይክረም። እርጥብ ይሸታል።»

«ንቡ ለእርስዎ ይሁን፣ እንጨቱን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኩ። ይህንንም አሳምሬ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

የዐውደ ርእዩ ቀን አዳራሹ ቆርቆሮ ጣሪያው ግሎ እንደ ምድጃ ሆነ። ግድግዳው ላይ መፈክር የተጻፈበት ቀይ ጨርቅ ተወጥሯል፤ ከሥሩ ጠረጴዛዬ ተዘርግቷል፤ ጠረጴዛዬ ላይ የልጄ ሦስት ጠርሙሶች ተቀምጠዋል። መምህራን፣ የቀበሌ ሰዎች፣ ወላጆች ከበዋታል። አባቴን ጋቢያቸውን አልብሼ ፊት አስቀምጫቸዋለሁ። ልጄ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ አስረዳች። ሽማግሌዎቹ መውጣት እንዳቃታቸው አሳየች፤ ቀጥላ የተቆረጠ ሙዝ ጠርሙሱ ውስጥ ስታስገባ እየተጎተቱ እንደሄዱለት አሳየች። ከዚያ እንዲህ አለች፤

«አባቴ አናጢ ናቸው። አሮጌ ቤት ሲያዩ መጀመሪያ በመዶሻ ያንኳኳሉ፤ የቱ እንደበሰበሰ፣ የቱ እንደጸና ሳያውቁ አያፈርሱም። እርጅናም እንደዚህ ነው። ሕዋሳት ሁሉ በአንድ ቀን አያረጁም።»

ሰው አጨበጨበ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ልጄ ከእኔ የተማረችውን እኔ ከራሴ አልተማርኩም ነበር።

ያን ጊዜ ከመሃል ጠጥ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ሳንቃው መሃሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ከፈተ፤ የልጆቹ ጠርሙስ ዘመም አለ፤ መምህሩ ዘሎ ያዘው። ከኋላ የቆመ አንድ ወላጅ «ዝንቦቹስ ደግ ናቸው፤ ጠረጴዛው ነው ቀድሞ ያረጀው!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ሞላው።

በሙቀቱ ማሳበብ እችል ነበር። በመጋዙ፣ እንጨቱን በሸጠልኝ ሰው ማሳበብ እችል ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ሦስቱንም በልቤ አሰብኳቸው። ግን የልጄን ፊት አየሁ፤ ያቺ ልጅ አምስት ዝንብ መጥፋቱን እንኳ ሳትደብቅ ወረቀቷ ላይ ጽፋ ነበር።

«እንጨቱ እርጥብ ነበር» አልኩ ጮክ ብዬ። «አባቴ በአፍንጫቸው አውቀው ነግረውኛል። አልሰማኋቸውም። ተሳስቻለሁ።»

አባቴ ወደ ልጄ ዞሩ። «ምን አለ?»

«'ተሳስቻለሁ' ነው ያሉት፣ አባባ!»

«እንደገና ይበል፤ ይህኛው ጆሮዬ አልሰማም!»

እንደገና አልኩ። እንዲህ ያለ ጭብጨባ በሕይወቴ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ ያውም ለስሕተቴ። ሰው ጥፋቱን ሲያምን ሸክም እንደሚወርድለት ለብዙ ሰው መክሬ ነበር፤ መቅለሉን ግን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ከአዳራሹ ስንወጣ በትራቸውን አቀበልኳቸውና «ለመስከረም እንሄዳለን» አልኳቸው። ይህን ሳልጮህ ነበር ያልኩት፤ ሰሙኝ።

የተሰነጠቀውን ሳንቃ ለትምህርት ቤቱ በደረቅ ተካሁለት። ከስንጣቂው ግማሽ አጭር፣ ጠንካራ፣ መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር ሠራሁ። ለማን እንደሆነ አልተናገርኩም፤ አባቴ ግን በክረምቱ ሁለት ጊዜ መጥተው አሸተቱትና «አሁን ደርቋል» አሉ።

በዚያ ዘመን ከከተማ ከተማ ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ «የጉዞው ምክንያት?» አለ።

«ለማሽተት» አሉ አባቴ።

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ውሸት ስለማልወድ «እውነታቸውን ነው» አልኩት። ጥቂት አሰበና «ለእርሻ ሥራ» ብሎ ጻፈ።

ለዘመን መለወጫ ሦስት ቀን ሲቀረው በጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን፤ አባቴ ከሹፌሩ ጎን፣ እኔና ልጄ ከእህል ጆንያ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ከእኛ ጋር። መንገዳችን ላይ፣ ማንኩሳ ስንደርስ፣ የሚያውቃቸው ሰው አይቶ «ምነው፣ ሽማግሌውን ከነዙፋናቸው ጫናችኋቸው?» አለ። አባቴ በመስኮቱ እጃቸውን እንደ ጃንሆይ አወዛወዙ፤ በዚያ ዘመን ንጉሥን ማስታወስ ደግ ነገር አልነበረም፤ ሹፌሩ ነዳ።

ወንድሜ ሰባቱን የቀርከሃ ቀፎ አውርዶ ጠበቀን። አባቴ ዛፉ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን እያቀፉ አፍንጫቸውን አስገቡበት። በአራተኛው ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እዚህ አይጥ ከርማለች። አይጥ የሸናችበት አልጋ ላይ የንብ አውራ ታስተኛለህ?»

«አጥኜው ነበር እኮ» አለ ወንድሜ።

«ሽንቱን ነው ያጠንከው።»

ሁለት ቀን ሠራን። የተበላሹትን ፋቅን፣ በአዲስ እበት ለቀለቅን፣ አደረቅን። በወይራ ጭስና በአሮጌ ሰም ሲያጥኑ ግን ማንንም አላስጠጉም። ጭሱ ሲበዛ ቀፎውን ያነሣሉ፣ ያሸታሉ፣ ይመልሳሉ፤ እጃቸው አይንቀጠቀጥም ነበር። ልጄ ደብተር ይዛ ትጽፍ ነበር።

ሰቃዮቹ ወንድሜና እኔ ነበርን። በጎልማሳነቴ ዛፍ እንደ ደረጃ ነበር የምወጣው። ግማሽ ደርሼ እግሬ አልወጣ አለኝ፤ ትንፋሼ አጠረ፤ ቆምኩ። ከታች የአባቴ ድምፅ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ከየትኛው ጠርሙስ ነው?»

«ከጎልማሶቹ ነበር፣ አባባ፤ መስመሩ ጋ ግን አልደረሱም!»

«ዐሥር ቆጥረሻል?»

«ሠላሳ ደርሻለሁ!»

በሳቅ ልወድቅ ነበር። ቅርንጫፉን አቅፌ ሳቅሁ፤ ከዚያ ቀስ ብዬ ወጣሁና ሰቀልኩ።

መንጋው የመጣው ዘመን በተለወጠ በአራተኛው ቀን፣ ምሳ ልንበላ ስንል ነው። የኑጉ ማሳ ላይ እንደ ጭስ ተንከባለለ፤ ዛፉን ሁለት ጊዜ ዞረው። ጆሮ ያለን ሁሉ በአንድ አፍ «መጡ!» አልን። አባቴ ድምፁን አልሰሙትም፤ የእኛን አፍ አይተው ነው ቀና ያሉት። በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ንቦቹ ወርደው ወርደው፣ ካጠኗቸው ቀፎዎች በአንዱ አፍ ላይ ተሰበሰቡና ቀስ በቀስ ገቡ።

«የትኛው ነው?» አሉ።

«እኔ የሰቀልኩት!» አልኩ እንደ ልጅ።

«እኔ ያጠንኩት ማለትህ ነው።»

«አዎ፣ እርስዎ ያጠኑት።»

ያን ወቅት ከሰባቱ አምስቱ ንብ ገባባቸው። አባቴ ከዚያ በኋላ በጋውን ከወንድሜ፣ ክረምቱን ከእኔ ጋር እያሳለፉ ብዙ መስከረም አዩ። ልጄም በዚሁ ትምህርት ገፋችበት፤ በቅርቡ መጥታ፣ ያን ጊዜ በዝንብ ገላ ምንም አይተካም ብለን የተማርነው ስሕተት ነበር፣ የዝንብ አንጀት እስከ እርጅናዋ በአዲስ ሕዋስ ይታደሳል አለችኝ። መጻሕፍትም ተሳስቻለሁ እንደሚሉ ሳውቅ ደስ አለኝ።

መንጋው የገባበትን ቀን ምሳ ግን ተርኬ አልጨረስኩትም። ሚስቴ በገንቦ የላከችው ጠላ ተቀዳ፤ አባቴ ጣሳቸውን አነሡ። ጠርዙ ላይ ዓይነ ቀይ የሆነች ትንሽ ዝንብ ተቀምጣለች። ልጠርግላቸው እጄን ዘረጋሁ።

እጄን ያዙት። ጉልበት ያለው አያያዝ ነበር።

«ተዋት» አሉ። «በእግሯ የመጣች ትመስላለች።»